የአይጥ ጥርስ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ከበር ጠባቂው እስከ ኃላፊው ሁሉም «ሐኪሙ» ይሉኛል። የማክመው ግን ሰው አይደለም። በሙዚየሙ የድሮ መጫወቻዎች ክፍል ውስጥ ጠጋኝ ነኝ። ዓይኗ የወለቀ አሻንጉሊት፣ መዘወሪያው የጠፋ የቆርቆሮ ባቡር፣ ግማሽ ጠጠሮቹ የሌሉት የዳማ ሰሌዳ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። ይህን ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎብኚ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሲያይ ቆይቶ፣ ዕቃው የቱ ጋ ተሰብሮ እንደነበር ሳያውቅ ሲሄድ እኔ በሆዴ እስቃለሁ። ጉራዬን ልነዛ አይደለም ይህን የምለው። ያጠፋኝ ይኸው ኩራት ስለሆነ ነው።

ሥራችን አንድ ሕግ አለው። ዕቃ ሲመጣ እጅህን ከማሳረፍህ በፊት የለጋሹን ዶሴ ታነባለህ፣ ዕቃውን ከስድስት ጎን ፎቶ ታነሣለህ፣ ያየኸውን ጉዳት ቅጹ ላይ ትሞላለህ። ከዚያ በኋላ ነው ጓንት አጥልቀህ መሣሪያ የምታነሣው። ይህን ሕግ ለአዲስ ተቀጣሪ የማስተምረው እኔ ነኝ። እንዲያውም «ፎቶ ሳታነሡ የነካችሁትን ዕቃ እንደሰረቃችሁት ቁጠሩት» እያልኩ አስፈራራቸዋለሁ። ለሌላው ሲሆን ምክር አያልቅብኝም።

የእንጨት ፈረሱ የመጣው ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አርባ አንድ ዕቃ ጨርሼ ወገቤን ይዤ በተቀመጥኩበት ኃላፊው ራሱ አቅፎት ገባ። «ይኼ መግቢያው ላይ ነው የሚቆመው፤ ሐሙስ ጠዋት እፈልገዋለሁ» ብሎኝ ወጣ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ አራት መንኮራኩር ያለው፣ ቀይ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ ፈረስ ነው። ጭራው እውነተኛ ፀጉር ነው፤ ጋማው ግን ከዚያው ከአንገቱ እንጨት የተጠረበ ነበር። ከጋማው ሥር ሕፃን የሚጨብጠው መያዣ በግራና በቀኝ ወጥቷል።

ካሜራውን የሸክላ ክፍል ሰዎች ወስደውታል። ነገ አነሣዋለሁ አልኩ። ዶሴው ሦስት ገጽ ነው፤ የመጨረሻውን ገልጬ «አንብቤያለሁ» ከሚለው ሥር ፈረምኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ያን ዕለት ግን መታጠቄን እንጂ መፈታቱን ማን አስቦ።

ጋማው ላይ፣ ከመያዣው ከፍ ብሎ፣ ትናንሽ ጉድጓዶች ነበሩ። በግራ በኩል አምስት፣ በቀኝ በኩል አራት። መጫወቻ ዕቃ ቤት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ተረስቶ ሲቀመጥ አይጥ ይጫወትበታል፤ በሥራ ዘመኔ የአይጥ ጥርስ ያላገኘው የእንጨት ዕቃ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አይጥ ነው አልኩ። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ በስቱኮ ሞላሁ፣ ሲደርቅ ደግሜ ፈተግኩ፣ ቀለሙን አመሳስዬ ቀባሁ። ቅጹ ላይም በገዛ እጄ «ጋማ፦ የአይጥ ጥርስ ጉዳት፤ ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ግን አይቼ ነበር፤ መደበቅ አልፈልግም። አይጥ የጋጠው እንጨት ሸካራ ነው፣ እጅን ይቧጭራል። እነዚያ ጉድጓዶች ለስላሳ ነበሩ። ብዙ ሰው የጨበጠው የበር እጀታ እንደሚያበራው ያበሩ ነበር። አየሁት፣ «ይገርማል» አልኩ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሣሁ።

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ፤ ፈረሱ ተወደደ። እኔም በመግቢያው ባለፍኩ ቁጥር ጋማውን በዓይኔ ዳሰስ አደርግ ነበር፤ ምንም አይታይም። በሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ መዝጋቢያችን በሬን ከፍታ ገባች። የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥርና ታሪክ የምትይዘው እሷ ናት፤ አንድ ወረቀት ከጠፋባት ምግብ አይበላላትም። ሃያ ዓመት አብረን ምሳ በልተናል፤ ከምሳው የሚበዛው እኔን መተረቧ ነው።

«ሐኪሙ፣ የፈረሱ እናት ረቡዕ ጠዋት ሊመጡ ነው» አለች።

«ፈረሱ ደግሞ እናት አለው?»

«የልጁን እናት ነው የምልህ። ዶሴውን አላነበብክም እንዴ?»

«አንብቤያለሁ እንጂ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ትንሽ ረስቼው ነው። እስቲ አምጪው።»

ቆማ እየጠበቀችኝ አነበብኩት። የጻፉት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ይመስል ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ፈረሱ የወንድሜ ነው። የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት፣ በሁለት ዓመት ከመንፈቁ ታሞ ሞተ። እኔ የተወለድኩት ከእሱ በኋላ ስለሆነ አላውቀውም። ፎቶ አልተነሣም። ልብሱንም የእናቴ ሐዘን እንዳይብስ ብለው ዘመዶች ለሰው ሰጡት። ከእሱ የቀረን ጋማው ላይ ያለው የጥርሱ ምልክት ብቻ ነው፤ ሲጋልብ ጎንበስ እያለ ይነክሰው እንደነበር እናቴ ትናገራለች። እናቴ አሁን ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓይኖቿ አያዩም። ፈረሱን ለሙዚየሙ ስንሰጥ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በዓመት አንድ ቀን መጥታ፣ ያለ ጓንት፣ በእጇ እንድትነካው።»

ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀመርኩት፤ ዓይኔ ግን «ብቻ» ከምትለው ቃል አልነቀል አለ።

«ምልክቱ ደህና ነው አይደል?» አለች መዝጋቢዋ። «ስትጠግን አልነካካኸውም?»

«ደህና ነው» አልኩ።

ከዚያ የተሻለ የመናገሪያ ጊዜ አልነበረኝም። ትቆጣ ነበር፤ ምናልባት አንድ ወር አታናግረኝም ነበር፤ ግን አብራኝ ትጨነቅ ነበር። አፌ ቀደመኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ «ደህና ነው» ካልኩ በኋላ ደህና ማድረጉ የእኔ ዕዳ ሆነ። እሷ በሩን ዘግታ ስትወጣ ቅጹን ከመሳቢያ አውጥቼ የራሴን ጽሑፍ አየሁት። አይጥ ብዬዋለሁ። አንዲት እናት ለስልሳ ስምንት ዓመት የጠበቀችውን የልጇን አፍ፣ አይጥ ብዬ ፈርሜበታለሁ።

በማግስቱ «መንኮራኩሩ ይንገዳገዳል» የሚል ሰበብ ፈጥሬ ፈረሱን ወደ ክፍሌ አስመጣሁት። ስቱኮውን በመርፌና በጥጥ ቀስ እያልኩ አወጣሁ። የሠራሁትን ሁሉ መልሼ መፍታት መቻሌ ሌላው መኩሪያዬ ነው፤ ማንም ጠጋኝ ሊፈታ የማይችል ሥራ መሥራት የለበትም። ስቱኮው ወጣ። ከሥሩ የጠበቀኝ ግን ሜዳ ነው። ጠርዙን ስፈትግ ዋናውንም ይዤው ሄጃለሁ። የጉድጓዶቹ ወለል በደብዛዛው ይታያል፤ ጣት ግን አያገኘውም። የተፈተገ እንጨት ደግሞ እንደ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም።

እሑድ ልጄ የልጅ ልጄን ይዛ መጣች። ሁለት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም አላሰብኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ ከዓርብ ጀምሮ ስትመጣ እጠብቃት ነበር። ፖም ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ጥርሷን ከተከለችበት በኋላ ነጠቅኳትና በመሐረቤ ጠቀለልኩት። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

«ለልጅ የሰጠኸውን መልሰህ ትቀማለህ? ምን ነካህ?» አለች ባለቤቴ።

«ትል ያለበት መስሎኝ ነው» አልኩ።

ሌላ ፖም ብሰጣት ወረወረችብኝ። እውነቷን ነው። ወደ ጓሮ ወጥቼ፣ የነከሰችው ፖም ሳይጠወልግ የጥርሷን ቅርጽ በሰም አነሣሁ።

ሰኞ ሥራ ገብቼ በሬን ቆለፍኩ። የሰሙን ቅርጽ ጋማው ላይ አስቀምጬ፣ በቀረው ደብዛዛ ወለል ላይ እየለካሁ፣ ጫፏን ያደነዝኳትን ወስፌ በቀስታ ጫን ጫን አደረግኩ። በግራ አምስት፣ በቀኝ አራት። በማለስለሻ ወረቀት አበስኩ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ አሸሁ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ አቧራ ጠርጌ ውስጣቸው ሞላሁና መልሼ ጠረግኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ ሥራው እጄ ገባ። እያፏጨሁ ነበር። ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይኼንን ነው። ሌላውን በችኮላ፣ በፍርሃት አመካኘዋለሁ፤ ያን ፉጨት ግን በምን አመካኘዋለሁ? ሲያልቅ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁትና ቆንጆ ነው አልኩ።

ማክሰኞ ለመዝጋቢዋ ልነግራት ሁለት ጊዜ ቢሮዋ ሄድኩ። መጀመሪያ ስልክ ላይ ነበረች። ሁለተኛ ጊዜ ብቻዋን ነበረች፤ ስቴፕለር ተውሼ ተመለስኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሙዚየሙ ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት መጡ። ዶሴውን የጻፉት አስተማሪ፣ ልጅየዋ፣ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ደርባባ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። እናትየው ክንዳቸውን ይዘዋል። ቀጭን ናቸው፤ ቢሆንም ጀርባቸው አልጎበጠም፤ ሲራመዱ እግራቸውን ሳይሆን ጆሯቸውን ያስቀድማሉ። ፈረሱን እኔ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ አቁሜዋለሁ። ወንበር አቀረብኩላቸው። እኔ ጠረጴዛውን ተደግፌ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ያስቀምጧቸው» አልኳቸው ልጅየዋን።

እናትየው እጃቸውን ሲዘረጉ መጀመሪያ ያገኙት መንኮራኩሩን ነው። አንድ ጊዜ አሽከረከሩት። ሆዱን፣ ደረቱን፣ የተላጠውን ቀለም ዳሰሱ። ጭራውን በጣቶቻቸው አበጠሩት። አልቸኮሉም። ሰው ወደሚወደው ቤት ሲሄድ ሰፈሩን እያየ እንደሚሄደው ነው የሄዱት። ከዚያ የቀኝ እጃቸው አንገቱን ይዞ ወጣ፤ አውራ ጣታቸው ጋማው ላይ ደረሰ። ቆመ።

ልጅየዋ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩዋቸዋል። መዝጋቢዋም በሩ ጋ ቆማ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ የማየው አውራ ጣቱን ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ።

«ውሃ ጠማኝ» አሉ እናትየው።

«እዚህ ቅርብ ነው፣ ይምጡ ላሳይዎት» አለች መዝጋቢዋ ለልጅየዋ፣ ይዛቸውም ወጣች።

«ሄደች?» አሉኝ ኮቴው ሲርቅ።

«ሄደዋል።»

«ጠጋኙ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እጅህን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ገበያ ላይ እንደሚመረጥ ዕቃ ዳሰሷቸው። ከወስፌው የተነሣ መዳፌ ላይ የወጣችው ውሃ መቋጠሪያ ጋ ሲደርሱ ጫን አሏት። አመመኝ፤ እጄን ግን አልሳብኩም።

«ይኼን የሠራኸው አንተ ነህ?»

ለዚህ ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«የልጄስ የት ሄደ?»

ነገርኳቸው። ካሜራውን፣ ያላነበብኩትን ዶሴ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ ፖሙን ሳይቀር ነገርኳቸው። ስናገር ድምፄ እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻ ላይ ለራሴም አልሰማ አለኝ።

«አይጥ የበላው መስሎኝ ነው» አልኩ።

«አይጥ» አሉ። አልተቆጡም። ቃሉን መዝነው መልሰው ያስቀመጡት መሰለኝ። «ስልሳ ስምንት ዓመት በየጠዋቱ ነክቼዋለሁ። ከማንም ጋር ቃል ሳልለዋወጥ በፊት። አውራ ጣቴ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ እየሄደ መንገድ አውጥቶ ነበር። ያንተም ቆንጆ ነው። መንገድ ግን የለውም።»

እነዚያ ጉድጓዶች ለምን ያበሩ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ያጠፋሁት የልጁን ጥርስ ብቻ አይደለም፤ የእናቱንም ጣት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

«እማማ፣ ልጅዎ ሲመለሱ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «ለኃላፊውም እነግረዋለሁ። የሚመጣውን ሁሉ እቀበላለሁ።» ይህን ስል፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ቀለል አለኝ። ከስድስት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስኩ።

«አትነግራትም» አሉ።

«ምነው?»

«ወደዚህ እናምጣው ያለችው እሷ ናት። እኔ ሁለት ዓመት እምቢ ብያታለሁ። ‹ቀድሜሽ ብሞት ማን ይጠብቅልሻል? እዚያ ያሉት ዕቃ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው› አለችኝ። በመጨረሻ እሺ አልኩ። አሁን አንተ ስትነግራት ላንተ ይወጣልሃል፤ እሷ ውስጥ ይገባል። አሥራ አንድ ዓመት አጥባኝ፣ አልብሳኝ፣ ‹የወንድሜን ጥርስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ› ብላ ትሙት?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ያዘው።»

«ለማንም ሳልናገር?»

«ማንም ጋ ከደረሰ እሷ ጋም ይደርሳል። ያዘው አልኩህ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱን ዛሬ አትጠይቀኝ» አሉና እጄን ለቀቁት።

ኮቴ ተሰማ። ልጅየዋ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንዳይፈስ እያዩ ገቡ። ከበሩ ሳያልፉ ጠየቁ።

«አገኘሽው፣ እማዬ?»

«አገኘሁት። እንደነበረ ነው።»

ልጅየዋ ትከሻቸው ወረደ። ወደ እኔ ዞሩ። «ከሰጠነው ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። «የማይሆን ነገር አደረግኩ እያልኩ ራሴን ስበላ ነው የከረምኩት። እንዲህ አድርገው ስለጠበቁልን ውለታዎን በምን እንደምመልስ አላውቅም።» መዝጋቢዋ ከኋላቸው ሆና፣ እንዴት ያለ ሰው ነው በሚል ዓይን አየችኝ። ሃያ ዓመት ተርባኝ ያን ቀን ነው ያከበረችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

«ውሃው ይቆይ» አሉ እናትየው። «ነይ ንኪው።»

«እኔ?» ልጅየዋ ፈገግ አሉ። ወደ እኛ ዞረው፣ «ልጅ ሆኜ ልነካው ስል እጄን በጥፊ ነበር የምትመታኝ። አንድ ቀን እንኳን ነክቼው አላውቅም» አሉ።

«አሁን ንኪው። ለእኔ በቅቶኛል።»

ብርጭቆውን ለእኔ ሰጡኝ። መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው፣ ሌባ ጣታቸውን በግራ በኩል ባለው የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ሁለተኛው ላይ። አንዱንም ሳይዘሉ ዘጠኙን ነኩ። ሲጨርሱ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ አልጠረጉትም። ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከማያውቁት ወንድማቸው ጋር ገና አሁን መተዋወቃቸው ነበር።

«አፉ እንዴት ትንሽ ነበር» አሉ። ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ከአንድ ሰው ጋር መካፈል ፈልገዋል። «አይደለም?»

እናትየው ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ይጠብቃሉ።

«አዎ» አልኩ። «በጣም ትንሽ ነበር።»